ከድርና ከማግ መካከል፤ የሸማኔው የፈጠራ ስሜት ከየት ተነሣ? በምንስ ቆየ?

በአማርኛ «ጥበብ» የሚለው ቃል ከባድ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። የሰሎሞን አስተዋይነት ጥበብ ይባላል፤ ሥዕሉም ቅኔውም ጥበብ ይባላል፤ በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥም ጥበብ ይባላል። አንዲት ወይዘሮ ለፋሲካ ጥበብ ለብሳ መጣች ሲባል ፍልስፍና ተማረች ብሎ የሚተረጉም የለም፤ ቃሉ ግን ያው አንዱ ቃል ነው። ከዚያው ሥር «ጠቢብ» ወጣ፤ ከጠቢብም ጎን «ጠይብ» ቆመ። ይህ የኋለኛው ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣው ሰው የሚሰደብበት ስም ሆኖ ኖረ። ሥራውን እየለበስንና እያረስንበት ሠሪውን ያንቋሸሽንበትን ታሪክ ቋንቋችን በራሱ ሆድ ውስጥ ይዞት ይኖራል።

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች በእጅ ሥራ ውስጥ የፈጠራ ስሜት ከየት እንደሚመነጭና በምን እንደሚዘልቅ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይኸው የቃሉ ጉዳይ ነበር። ጥያቄው ለሠዓሊ ወይም ለደራሲ ቢቀርብ መልሱ በማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ይገኝ ይሆናል። ሸማኔው ግን ማስታወሻ አልተወልንም። የጻፈው በጨርቁ ላይ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ያረጃል፣ ይነትባል፣ በመጨረሻም የሕፃን መጠቅለያ ወይም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው ታሪክ ከተረፉት ጥቂት ጨርቆች፣ ከመንገደኞች ጽሑፍና በሙያው አካባቢ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት የተቀነጨበ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ነው።)

አስቀድሞ መሣሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ሸማኔው በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በተከፈተው መካከል መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል፤ ማጉንም እየመታ ያጠጋል። የጨርቁ ወርድ ሰውየው እጁን ዘርግቶ መወርወሪያውን ሊቀበል ከሚችልበት ርቀት አያልፍም። ነጠላችንና ጋቢያችን ወርድና ወርዱ ተጋጥሞ የሚሰፋው ስለዚህ ነው። ጥበቡ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ ሁለት አንሥቶ ሦስት ይተዋል፣ ሦስት አንሥቶ አንድ ይተዋል፤ ባነሣው ሥር የቀለሙን ክር ያሾልካል፤ ከዚያም ነጩን ማግ ወርውሮ እንደገና ወደ ቆጠራው ይመለሳል። በዚህ ዓይነት አሠራር የተስተካከለ ክብ ማውጣት ጭንቅ ነው። የሸማኔ ዓይን ዓለምን የሚያየው በማዕዘንና በደረጃ ነው፤ መስቀሉ፣ የመጋዝ ጥርሱ፣ በጫፉ የቆመው አራት ማዕዘን ሁሉም ከቁጥር የተወለዱ ናቸው። በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ የምናየው ሐረግ ከብርዕ ስለወጣ እንደ ልቡ ይጠማዘዛል፤ በጥበቡ ላይ ያለው የሐረግ ዘመድ ግን ክርኑን እያጠፈ ይሄዳል።

እኔ እንደማምነው የሸማኔው ፈጠራ የመጀመሪያ ምንጭ ይኸው የመሣሪያው ጥበት ነው። «ጠበበ» የሚለው ግስ ጠባብ መሆንንም ጥበበኛ መሆንንም ስለ ምን እንደሚናገር የሰዋስው ሊቃውንት ይፍቱት፤ ሸማኔው ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም። ሁሉ ነገር የሚቻልበት ሰው ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል። ጥቂት ነገር ብቻ የሚቻልበት ሰው ያችን ጥቂቷን ያገላብጣታል፤ አንድ ድር ጨምሮ፣ አንድ ድር ቀንሶ ያያታል።

ሸማኔያችን ያለ ተፎካካሪ የኖረበት ዘመን ደግሞ አይታወቅም። በ1ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከግብፅ የሚመጣ ልብስና ከሕንድ የሚመጣ የጥጥ ጨርቅ ይቆጥራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ ባስጻፈበት ድንጋይ ላይ ካጠፋው የጠላት ሀብት መካከል ጥጥ ከእህል ጋር ተጠቅሷል። ንጉሥ በድንጋይ ላይ የሚያስጽፈው ዓይነት ሀብት ነበር ማለት ነው። የእጅ ሥራችን ከውጭ ዕቃ ርቆ በንጽሕና የኖረና በኛ ዘመን ብቻ የተደፈረ አድርገው የሚያስቡ ባልደረቦች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አሁን ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ላቁም። አንደኛው ከሐር የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ከጥጥ።

የሐሩ ሥራ በ18ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው የመቅደስ መጋረጃ ነው። ዛሬ አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የለንደኑ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ሀብት አንዱ ነው። መጋረጃዎቹ የተሠሩት በተለመደው የሸማ መሣሪያ አይደለም፤ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ክር እያሾለኩ፣ ገበታዎቹን በእጅ እያዞሩ ክሩን በመግመድ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው አሠራር መቀነትና ጠባብ ጥብጣብ ለማውጣት ብቻ የሚበቃ ነው። የኛ ሰዎች ግን ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ የሆነ መጋረጃ አወጡበት፤ በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት አሠራር ከተሠሩት ጨርቆች የሚስተካከለው አይታወቅም። ሐሩ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። በላዩ ላይ ካህናት መስቀልና ጸናጽል ይዘው፣ ወታደሮችም ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል፤ ሁሉም ከክር መገመድና መፈታት የወጡ ሰዎች ናቸው።

ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሥራ በመጀመሪያ ሙከራ አይወጣም። ከዚህ በፊት የተበላሹ፣ ከዚያም የተሻሻሉ፣ አስተማሪና ተማሪ የተቀባበሏቸው ሥራዎች መኖር አለባቸው። ከዚህ በኋላ ግን በዚያ መጠን የተሠራ ሌላ አናውቅም። እጁ የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ1769 ዓፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉና ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ዘመን ተጀመረ። ቤተ መንግሥቱ ስሙ ቀረ እንጂ ሐር የሚያስመጣበት፣ ባለሙያ ለዓመታት የሚቀልብበት አቅም ከእጁ ወጣ። በኔ አስተያየት የሐሩ ጥበብ የሞተው ባለሙያዎቹ ሐሳብ ስላለቀባቸው አይደለም፤ አዛዡ አንድ ብቻ ስለነበረና እርሱ ስለወደቀ ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ነበር።

በዚያው በ1769 መጨረሻ ላይ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲያልፍ አድዋ ደረሰ። አድዋ የዚያው የራስ ሚካኤል ከተማ ነበረች። ብሩስ እዚያ ያየውን ሲጽፍ በከተማይቱ የሚሠራው ሻካራ የጥጥ ጨርቅ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ የሚዘዋወር መሆኑን ይናገራል። ከዚያም እንደ ዋዛ አንድ ነገር ያነሣል። ሸማኔዎቹ ለጥለቱ የሚፈልጉት ሰማያዊ ክር ስለሌላቸው ከሕንድ ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ይገዙና ክሩን አንድ በአንድ እየፈቱ በራሳቸው ድር ውስጥ እንደገና ይሠሩበታል።

ብሩስ ይህን የጻፈው የድህነት ምልክት አድርጎ ይመስለኛል። ነገሩን በእጁ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የተሠራ ጨርቅ መፍታት ክር ከመፍተል የሚያንስ ድካም አይደለም፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ይሸበሸባል፣ አጭር አጭር ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ ታግሦ ሰማያዊውን በጠርዙ ላይ የሚያኖር ሰው ዓይኑ ከወደደው ቀለም አልለይም ያለ ሰው ነው። እርግጥ ገዢውም ሰማያዊ ጠርዝ ስለሚሻ ነው። ገዢው ግን ንጉሥ አልነበረም፤ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ የቤት እመቤት ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ የሐሩ መጋረጃ ጥበብ ተቋርጦ ሲቀር፣ የጥጡ ጥለት በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ጦርነቱንም ረሃቡንም አልፎ ወደኛ ደርሷል።

ስለ ሠሪዎቹ ማንነት ጥቂት መናገር ግድ ነው። በሰሜኑ አገራችን ሽመና በብዛት የተያዘው ርስት በተከለከሉ ሰዎች እጅ ነበር፤ በጎንደር አካባቢ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከሠሪዎቹ መካከል ነበሩ። መሬት የሌለው ሰው እጁን መሬት አደረገ። የተከበረው ሰው የሸማኔውን ነጠላ አደግድጎ ጌታው ፊት ይቆማል፤ ሸማኔውን ግን ከማዕዱ ያርቀዋል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ ደነገጉ። አዋጁ በዘመኑ ብርቱ ነበር። ይሁን እንጂ ስድብ በአዋጅ እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ በልጅነቴ ቁጢት በጣሽ የሚለውን ቃል በሰፈራችን በጆሮዬ የሰማሁት አዋጁ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለሐዘኔታ አይደለም። ከንቀቱና ከፈጠራው መካከል ግንኙነት አለ። የተናቀ ሰው ለልጁ ሙያውን ሲያወርስ በግማሽ ልብ ያወርሳል። ልጁም የተማረውን ለማሻሻል ሳይሆን ከሙያው ለማምለጥ ያስባል። እንዲያም ሆኖ ሙያው አለመጥፋቱ ይገርመኛል።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችና የጋሞ ደጋ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሠፈሩ። ከተሜው ሁሉንም «ዶርዜ» ይላቸዋል፤ በእውነቱ ግን ዶርዜ ከጋሞ አገሮች አንዱ ነው፤ ሸማኔዎቹም ከሌሎቹም አገሮች የመጡ ናቸው። በአገራቸው ቤታቸውን ከቀርከሃ ጎንጉነው የሚያቆሙ፣ እጃቸው ከሕፃንነት ጀምሮ መጠላለፍን የለመደ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ጋሞዎች በአገራቸው የሚወዱት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተፈራረቀበትን ዱንጉዛ ነው። የአዲስ አበባ ገዢ የሚፈልገው ደግሞ ነጭ ሆኖ በጠርዙ ላይ ጥበብ ያለበትን ነበር። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው የማይለብሱትን ልብስ ለማያውቁት ሰው ይሠሩ ጀመር።

ከዚህ ሁኔታ ፈጠራ ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? ነገር ግን ዛሬ የምናውቀው በየዓመቱ የሚለዋወጠው የቀሚስ ጥበብ በአብዛኛው የተስፋፋው በእነርሱ እጅ ነው። ምክንያቱ ሸማኔውና ገዢው ፊት ለፊት መገናኘታቸው ይመስለኛል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን አባባል የሚያምን ሕዝብ በየዓመቱ ሸማኔው ደጃፍ ይመጣል። ወይዘሮዋ ያስፈተለችውን ልቃቂት በቅርጫት ይዛ ትመጣለች፤ ከጎረቤቷ ቀሚስ ያየችውን ጥበብ በጣቷ በአየር ላይ ትስላለች፤ «እንደርሷ ሆኖ ግን እንደርሷ እንዳይሆን» ትላለች። ይህች ዓረፍተ ነገር፣ በኔ አስተሳሰብ፣ ከማንኛውም የሥነ ጥበብ ትምህርት ይልቅ ብዙ ጥለት አስወልዳለች። ገዢዋ ሥራውን ታውቃለች፤ ክር ስትፈትል አድጋለችና ወፍራሙን ከቀጭኑ፣ ላላ ያለውን ከጠበቀው በመዳፏ ትለያለች። ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምታጣፋው፣ ለሐዘን ጥለቱን ወደ ፊቷ እንደምትመልሰው ታውቃለች። ሸማኔውም ጨርቁ በገላ ላይ የሚውልበትን ቦታ አውቆ ይሠራል።

ፋብሪካ ሲመጣም ብዙዎች የፈሩት አልደረሰም። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1939 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ የባሕር ዳሩ በ1961 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠራ። ፋብሪካው አቡጀዲና ካኪ በማውጣት የሸማኔውን የዘወትር ልብስ ገበያ ቀማው። በሌላ በኩል ግን ቀጭንና ጠንካራ ድር አቀረበለት። ከዚያ ወዲህ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ገዝቶ ማጉን ከእጅ ፈታይ ይቀበላል፤ ድሩ ሳይበጠስ ስለሚቆይለት በጣቱ ለመቁጠር ይመቸዋል። የዘወትሩን ልብስ በማጣቱም ልቡን ወደ ክት ልብስ፣ ማለትም ወደ ጥበቡ መለሰ። ከውጭ የገባው የሚያብረቀርቅ የቀለም ክር ሲጨመርበት ጥበቡ ከሁለት ጣት ወደ ስንዝር ሰፋ። የአድዋው ሸማኔ የሱራትን ጨርቅ እንደፈታ ሁሉ የጉለሌው ሸማኔ የፋብሪካውን ክር ለራሱ አሳብ አዋለው።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1977 የዕደ ጥበብንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን ልማት የሚከታተል መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቁሞ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። በዚያ ዘመን እኔ በሌላ አንድ ቢሮ የተቀጠርሁ ወጣት ነበርሁና የሸማኔዎችን «የሞዴል ጥራት» ለማሻሻል ከተላኩት አንዱ ሆንሁ። ባለካሬ ወረቀት ላይ ጥለቶችን ነደፍን፤ ከብራና ሐረግም ከአክሱም ሐውልትም ቀዳን፤ በቀለም እርሳስ አሳምረን ለማኅበሩ አደልን። ሸማኔዎቹ ሳያጉረመርሙ ሠሩት። መስቀሉ ግን ተጨፍልቆ ወጣ። የወረቀቱ ካሬ እኩል ጎን አለው፤ የፋብሪካው ድርና የእጅ ፈትሉ ማግ ግን ውፍረታቸው እኩል አይደለም። ይህን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። ሸማኔዎቹ ገና ሲያዩት አውቀውት ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ። ካሬውን አስተካክለን እንደገና አሠራን። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ያለ እንከን ሆኖ ወጣ፤ ወደ መጋዘን ገብቶም ተከማቸ።

አንድ ቀን ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉትን ሰው ከጉድጓዳቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ድሮ በግልዎ ሲሠሩ አዲስ ጥበብ የሚያወጡት ሐሳቡን ከየት እያመጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ፣ «እርስዎ ከቢሮ ያመጣሉ፤ እኔ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ።

መልሱ መራራ መሆኑ ገብቶኝ ዝም አልሁ። ጥቂት ሠርተው መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ወረቀትህ ላይ ሰው የለበትም። እኔ ስሠራ እገሊትን አስባለሁ። ረዘም ትላለች፤ ቀላ ትላለች፤ ባሏ ሞቶባት አሁን ከሐዘን ልትወጣ ነው። ድምቅ ያለ ባደርግባት ሰው ያማታል፤ ጥቁር ባደርግባት ሐዘኗን እመልስባታለሁ። ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ወይን ጠጁን ከነጩ ጋር ሳዋጋ አድራለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቆጠራው ይሳሳተኛል፤ ልፈታው ስል ደኅና ሆኖ አየዋለሁ፤ እተወዋለሁ። ይኸው ነው።»

ይህን ቃል በዚያን ቀን ሪፖርቴ ላይ አልጻፍሁትም፤ ለመጻፍ የሚሆን ረድፍ በቅጹ ላይ አልነበረም።

ገዢውን የማያውቅ ሠሪ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ከሸማ ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎረቤቶቻቸው እንስራ፣ ጀበናና ድስት ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ቱሪስት ሲበዛ እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር ስለሌለ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች መሥራት ጀመሩ፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ። ምሁራን «ይህ ባህላዊ አይደለም» ብለው አፍንጫቸውን ሲነፉ ሰምቻለሁ። ለኔ ግን የሴቶቹ ፈጣንነት ያስገርመኛል፤ እንግዳው በዓይኑ የሚፈልገውን ከፊቱ አንብበው ከጭቃ አወጡት። ጉድለቱ ሌላ ነው። እንስራ የሚገዛ ጎረቤት ቢያፈስበት ተመልሶ ይጮኻል፤ ቱሪስቱ ግን አይመለስም። ተመልሶ የሚጮኽ ገዢ ከሌለ ምስሉ ከዓመት ዓመት ራሱን እየደገመ ይሄዳል። በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ምስሎቹን መሥራታቸውን ቀጠሉ። የሠሪዋ ማንነት ተለወጠ፤ አንበሳው ግን ያው አንበሳ ነው።

ወደ ሸማው ልመለስ። ባለፉት ዓሥርት ዓመታት ሁለት ነገር ተደርቦ መጥቷል። አንደኛው ደስ የሚያሰኝ ነው። የጋሞው ዱንጉዛ ከደጋው ወርዶ የአዲስ አበባ ወጣቶች ልብስ ሆኗል። ያ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የሌላውን ነጭ ሲሸምን የኖረው እጅ በመጨረሻ የራሱን ቀይና ቢጫ ለከተማው ሸጠ።

ሁለተኛው ብርቱ ነው። ጥበብ መሰል ሥዕል በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከውጭ አገር እየገባ ከእጅ ሥራው በብዙ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ውድድሩ አዲስ አለመሆኑን ከአዱሊስ ጀምሬ አሳይቻለሁ፤ የሱራት ጨርቅም የውጭ ጨርቅ ነበር። ልዩነቱ የሱራቱ ጨርቅ የሸማኔውን ጥለት ያልቀዳ መሆኑ ነው፤ ሸማኔው ነበር የወሰደበት። ዛሬ ግን ሸማኔው ለአንዲት ሙሽራ ሳምንታት ለፍቶ ያወጣው ጥለት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄድና በጥቅል ታትሞ ይመጣበታል። እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ሸማኔዎች አዲስ ሥራቸውን ከደጃፍ መስቀል ትተዋል፤ በጋዜጣ ጠቅልለው በመደርደሪያ ሥር ያስቀምጡታል። የተደበቀ ጥበብ ደግሞ ለጎረቤት ሸማኔ አይታይም፤ «እንደርሷ ሆኖ ግን እንደርሷ እንዳይሆን» የምትል ገዢም ልታየው አትችልም። ማኅበራችን ስለ ንድፍ ባለቤትነት መብት በሚወያይበት ጊዜ ይህ ነገር በቅድሚያ እንዲታይ እጠይቃለሁ። የሸማኔው ዳኝነት የሚጀምረው ፍርድ ቤት ሳይሆን የሽሮ ሜዳ መደብር በር ላይ ስለሆነ ሕጉን ስንመክር እዚያ ሄደን ብንጠይቅ ይሻላል።

ሦስተኛም አለ፤ ለመናገር የሚያሳፍር ቢሆንም። ከጋሞ ደጋ «ሙያ ትማራላችሁ» ተብለው የሚመጡ ሕፃናት በአዲስ አበባ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌሊት እስከ ሌሊት በጉድጓድ ላይ የሚውሉበት ሁኔታ እንዳለ የታወቀ ነው። ስለ ፈጠራ እየጻፉ ይህን ዝም ማለት ሐሰት ይሆናል። እጁ በልጅነት ካልተጀመረ አይለምድም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቁጥር ይማር እንደሆነ እንጂ ስሕተቱን «ደኅና ነው» ብሎ ለመተው የሚያበቃ ልብ አያገኝም። እኚያ አዛውንት ሸማኔ ያንን ልብ ያገኙት ከአባታቸው ጋር ሲሠሩ፣ ከብት ሲጠብቁና ሲጫወቱ አድገው መሆኑን ነግረውኛል።

ባለፈው ዓመት ወደ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ነበር። አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው በዚያው መንደር ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ይሠራል። ስደርስ በጉድጓዱ ላይ አልነበረም፤ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከልብስ ተራ የገዛውን አሮጌ ሹራብ ይፈታል። ክሩ እንደ ደረቀ ሮማን ልጣጭ ያለ ቀለም ነበረው። በዋሽንግተን የምትኖር ሙሽራ የፈለገችውን ቀለም በስልክ በፎቶግራፍ ልካለት፣ መርካቶን ሁለት ቀን ዞሮ በማጣቱ ይህን ሹራብ ሲያይ ዘሎ እንደገዛው አጫወተኝ።

«ክሩ አጭር አጭር ሆነብህ እኮ» አልሁት።

«አጭርነቱን ለትንንሾቹ መስቀሎች አደርገዋለሁ፣ ጋሼ፤ ለነርሱ ረጅም አያስፈልግም» አለና የፈታውን ክር አቀብሎኝ እጄ ላይ እንድይዝለት ጠየቀኝ። እርሱ ወደ ቀሰሙ እያዞረ ሲጠቀልል እስኪመሽ ድረስ ያዝሁለት።